መጻሕፍቱ በአንድ ቤት ይሁኑ ወይስ በየቤቱ?

ስለ ዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ከተማሪው አፍ አስቀድሞ የሚወጣው እሮሮ «መጽሐፍ የለም» የሚል ነው። እሮሮው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። መጽሐፉ በዩኒቨርስቲው ገንዘብ ተገዝቶ፥ የዩኒቨርስቲው ማኅተም ተመቶበት፥ በዩኒቨርስቲው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ለሚፈልገው ተማሪ የሌለ ያህል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የተቀመጠበትን ክፍል የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢገኝ ቁልፉ ከጸሐፊዋ ዘንድ ነው፤ ጸሐፊዋም ብትገኝ «ይህ ለእኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ነው» ትላለች። እንዲህ ያለው ችግር ከገንዘብ ማነስ የመጣ ሳይሆን ከአደረጃጀት የመጣ ነው። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍት ሹሞችና በፕሮፌሰሮች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን ጉዳይ ተማሪውም ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ዩኒቨርስቲ መጻሕፍቱን ሁሉ በአንድ ትልቅ ቤት፥ በአንድ ሹም ሥር ሰብስቦ ይያዝ? ወይስ የሕጉ ለሕግ፥ የሕክምናው ለሕክምና፥ የኬሚስትሪው ለኬሚስትሪ እየተባለ በየፋኩልቲውና በየትምህርት ክፍሉ ይከፋፈል? የመጀመሪያው ማዕከላዊ፥ ሁለተኛው የተከፋፈለ አደረጃጀት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገሩ ታሪክ በአውሮጳ፥ የአገራችን ታሪክ ደግሞ ዓ.ም. እየተባለ በኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር ተጽፏል።)

ይከፋፈል የሚሉት ሰዎች ያላቸው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የኬሚስትሪ ተማሪ ብርጭቆው በእሳት ላይ እያለ አንድ ቁጥር ከመጽሐፍ ለማየት ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት መንገድ ሄዶ፥ ተሰልፎ፥ ወረቀት ሞልቶ ሊጠብቅ አይችልም። መጽሐፉ በአጠገቡ ካልሆነ ምንም አይጠቅመውም። የሕግ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ጕዳይ ለመመርመር በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ጥራዝ ይገልጣል፤ ከእያንዳንዱም የሚያነበው አንድ ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው መጻሕፍት እንደ አናጢ መሣሪያ ናቸውና ከእጁ ሊርቁ አይገባም። ከዚህም በላይ ስለ ግዢ የተነሣ እንደ ሆነ፥ በእርሻ ትምህርት ዘንድሮ ምን አዲስ መጽሐፍ እንደ ወጣና የትኛው እንደሚረባ ከእርሻ መምህሩ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የአገራችን የጥንት ትምህርትም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ ይሄዳል እንጂ ሁሉንም በአንድ ደብር አገኛለሁ አይልም። መጽሐፉ ከመምህሩ አይለይም፤ ተማሪው ግን አኰፋዳውን አንግቶ ሁለቱ ወዳሉበት ይጓዛል። በዚህ ሥርዐት የመንገዱን ድካም የሚሸከመው ተማሪው መሆኑን ልብ እንበል፤ ወደፊት እንመለስበታለንና።

ይሰብሰብ የሚሉትስ? እነዚህ አስቀድመው የሚያነሡት የገንዘቡን ነገር ነው። አምስት ክፍሎች አንዱን መዝገበ ቃላት፥ አንዱንም ውድ መጽሔት አምስት ጊዜ ይገዙታል፤ አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ። አምስት ትንንሽ ክፍሎችን ማታ ከፍቶ ለማቈየት አምስት ሠራተኛ፥ አምስት ዘበኛ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አምስቱም በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋሉ። ትልቁ ቤት ግን በጥቂት ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ሊሠራ ይችላል። ካታሎግ ማዘጋጀትም የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው፤ በየክፍሉ በጸሐፊ እጅ የተጻፈ ዝርዝር ካታሎግ አይባልም።

ይሁን እንጂ ከገንዘቡ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ። ዕውቀት እንደ ትምህርት ክፍሎቹ ቢሮ በግድግዳ የተለያየ አይደለም። አንድ ተማሪ ስለ ዓባይ ውሃ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። ስለ ውሃው ልክና ስለ ግድቡ ከኢንጂነሪንግ፥ ስለ መስኖው ከእርሻ፥ ስለ ወንዝ ተጋሪ አገሮች መብት ከሕግ፥ ስለ ቀደሙት ውሎች ከታሪክ፥ ስለ ዝናቡም ከጂኦግራፊ መጻሕፍት መውሰድ አለበት። መጻሕፍቱ በአምስት ቤት ከተከፈሉ፥ በአራቱ ቤት እርሱ እንግዳ ነው። በየክፍሉ የተከፋፈለ ቤተ መጻሕፍት ክፍሉ ያስተማረውን ብቻ ለሚጠይቅ ተማሪ ይመቻል፤ ከክፍሉ አልፎ ለሚጠይቅ ግን በር ይዘጋበታል።

እንግዲህ ክርክሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር፥ ነገሩን በሥራ ላይ ያዋሉት ምን እንደ ገጠማቸው እንመልከት። ሁለቱንም መንገድ እስከ ዳር ድረስ ሄዳ ያየችው አገር ጀርመን ናት።

በ1737 የተመረቀው የገቲንገን ዩኒቨርስቲ ከሁሉ አስቀድሞ በማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍቱ ስመ ጥር ሆነ። ክርስቲያን ጎትሎብ ሃይነ የተባለው የጥንት ቋንቋዎች ሊቅ እስከ 1812 ድረስ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያስተዳድረው፥ በየዓመቱ በማይቋረጥ ገንዘብ ከሁሉም የትምህርት ዓይነት አዳዲስ መጻሕፍት እየተመረጡ ይገዙ፥ በካታሎግም በደንብ ይመዘገቡ ነበር። ለተማሪም ይዋሱ ነበር። በዚያ ዘመን መጻሕፍትን ለጌጥ መሰብሰብ የተለመደ ስለ ነበረ፥ ለማንበብ ተብሎ የተደራጀ ቤተ መጻሕፍት እንደ አዲስ ነገር ይታይ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የጀርመን ዩኒቨርስቲዎች የማስተማር ዘዴ ተለወጠ። ፕሮፌሰሩ ከመድረክ ሆኖ ማንበቡ ብቻ ቀርቶ፥ ጥቂት ተማሪዎችን በጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ዋናውን ጽሑፍ እየገለጠ የሚያስመረምርበት ሴሚናር የሚባለው ዘዴ ተስፋፋ። ለሴሚናሩ መጻሕፍት በእጅ መገኘት ነበረባቸው። ማዕከላዊው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በዚያ ጊዜ መደርደሪያው ለአንባቢ የተዘጋ ነበረ፤ አንባቢው በወረቀት ይጠይቃል፥ መጽሐፉንም ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይቀበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴሚናርና ኢንስቲቱት የራሱን መጻሕፍት ማከማቸት ጀመረ። አንድ ታዋቂ ፕሮፌሰር ወደ ሌላ ዩኒቨርስቲ ሲጠራ ስለ ደመወዙ እንደሚነጋገር ሁሉ፥ ለኢንስቲቱቱ መጻሕፍት መግዣ ስንት እንደሚሰጠውም ይደራደር ነበር።

እንዲህ እያለ ሁለት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ተፈጠሩ። ባንድ በኩል ማዕከላዊው፥ በሌላ በኩል ደግሞ አሥርና መቶ የሚሆኑ የኢንስቲቱት ክፍሎች። የማዕከላዊው ሹም በኢንስቲቱቶቹ ላይ ሥልጣን አልነበረውም፤ መጻሕፍታቸውም ብዙ ጊዜ በእርሱ ካታሎግ ውስጥ አይገኙም። የኢንስቲቱቱ መጻሕፍት ወደ ውጭ አይወጡም፤ ገብቶ የሚያነብ የኢንስቲቱቱ ተማሪ ነው። ለባለቤቱ ተማሪ ይህ ገነት ነበረ ማለት ይቻላል። ወንበሩ፥ መብራቱ፥ መጻሕፍቱ፥ መምህሩም በአንድ ቤት ናቸው። ከሌላ ክፍል ለመጣው ግን መጽሐፉ በየትኛው ኢንስቲቱት እንዳለ ማወቁ ራሱ አንድ ጥናት ነበረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተማሪው ሲበዛ ነገሩ አልቻል አለ። የምዕራብ ጀርመን የሳይንስ ምክር ቤት በ1964 ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ የምክር ጽሑፍ አወጣ። ለተማሪ በብዙ ቅጂ የሚገዛ የመማሪያ መጻሕፍት ስብስብ በየዩኒቨርስቲው እንዲቋቋም ያሳሰበውም በዚሁ ጽሑፍ ነው። ይህች አሳብ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለተራው ተማሪም የቆመ መሆኑን ስለምታምን ከብዙ ሕንፃ ትበልጣለች።

ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1966 በስዊስ ድንበር አጠገብ የኮንስታንዝ ዩኒቨርስቲ ተመሠረተ። አዲስ ስለ ነበረ የሚያፈርሰው የቆየ ርስት አልነበረውም። ዮአኪም ሽቶልትሰንቡርግ የተባለው የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍቱ ዲሬክተርና መሥራቾቹ ባደረጉት ውሳኔ የኢንስቲቱት ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር ጨርሶ ቀረ። መጻሕፍቱ በሙሉ በአንድ ዲሬክተር፥ በአንድ በጀት፥ በአንድ የቁጥር አሰጣጥ ሥር ሆኑ፤ መደርደሪያውም ለማንኛውም ተማሪ ተከፈተ። ተማሪው በወረቀት መጠየቁ ቀርቶ በራሱ እግር ገብቶ፥ በራሱ እጅ መርጦ ያወጣል። በ1969 የተመሠረተው ቢሌፌልድም ይህንኑ ፈለግ ተከተለ። ከ2001 ጀምሮ የኮንስታንዝ ቤተ መጻሕፍት ቀንና ሌሊት ክፍት ሆነ፤ በአሥርና በሃያ ክፍል የተበተነ ቤተ መጻሕፍት ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነው።

ዳሩ ግን ማዕከላዊነትም የራሱ አደጋ አለው። በ2010 በዚሁ በኮንስታንዝ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ውስጥ ለጤና ጠንቅ የሆነው አስቤስቶስ ተገኘና ትላልቅ ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ ተዘጉ። እድሳቱ ዓመታት ፈጀ። መጻሕፍቱ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር በመሆናቸው ችግሩ የሁሉም ችግር ሆነ፤ ፈላስፋውም ኬሚስቱም እኩል ተቸገሩ። ከዚህ የባሰውን የቤልጅግዋ ሉቫን አይታለች። የዩኒቨርስቲዋ ቤተ መጻሕፍት በ1914 በጦርነት እሳት ጋየ፥ ታንጾም በ1940 ደግሞ ተቃጠለ። ዩኒቨርስቲው በ1960ዎቹ መጨረሻ በቋንቋ ምክንያት ለሁለት ሲከፈልም መጻሕፍቱ ተከፈሉ። የተከፈሉበት መንገድ ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ ቁጥራቸው ጎደሎ የሆነው ለፍላማንዱ፥ ሙሉ የሆነው ለፈረንሳይኛ ተናጋሪው ተሰጠ። ቤተ መጻሕፍትን ማን ያስተዳድረው የሚለው ጥያቄ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ያለ አይመስለንም።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። በሃርቫርድ «እያንዳንዱ በርሜል በራሱ መቀመጫ ይቁም» የሚል የቆየ አባባል አለ። ትርጕሙም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ገንዘብ ራሱ ይፈልግ፥ ራሱም ያስተዳድር ማለት ነው። ሕግ፥ ሕክምና፥ ንግድ፥ ሥነ መለኮት ሁሉ የየራሳቸው ቤተ መጻሕፍት አሏቸው። ትልቁ የዋይድነር ቤተ መጻሕፍት በ1915 የተከፈተው በ1912 ከታይታኒክ መርከብ ጋር የሰጠመውን ልጃቸውን ለማሰብ እናቱ ባወጡት ገንዘብ ነው። ብዙ ሳይቈይ ግን ሞላ።

በ1937 የቤተ መጻሕፍቱን አስተዳደር የተረከበው ኪይስ ሜትካፍ ከዋይድነር የሚበልጥ ሌላ ሕንፃ እንሥራ አላለም። ብርቅ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች ለብቻ በሆተን ቤተ መጻሕፍት በ1942 ተቀመጡ። አልፎ አልፎ የሚፈለጉት ከሌሎች የቦስተን ቤተ መጻሕፍት ጋር በጋራ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ገቡ። በ1949 ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብቻ የታሰበው የላሞንት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ፖሊሲው «የተቀናጀ መከፋፈል» ተባለ፤ ቤቶቹ ብዙ ይሁኑ፥ የሚመሩበት አሳብ ግን አንድ ይሁን ማለት ነው። ሜትካፍ መጻሕፍቱን ያከፋፈለው በፋኩልቲ ብቻ ሳይሆን በአንባቢው ዓይነትና በመጽሐፉ አገልግሎት ጭምር ነበር፤ ከታሪኩ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመንም ይህ ነው።

ይሁንና የላሞንት በር ለሁሉም አልተከፈተም። የራድክሊፍ ኮሌጅ ሴቶች ተማሪዎች ከሃርቫርድ ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል እየተማሩ እስከ 1967 ድረስ በላሞንት ገብተው ማንበብ ተከልክለው ነበር። ቤቶች በበዙ ቁጥር በየበሩ «ይህ ለእገሌ ነው» ማለት ይቀልላል። የበርሜሎቹ ነጻነትም በመጨረሻ ዋጋ አስከፈለ። በ2009 የወጣው የዩኒቨርስቲው የኮሚቴ ጽሑፍ 73 ቤተ መጻሕፍት ቈጥሮ አደረጃጀቱን አጥብቆ ነቀፈ። በ2012 አስተዳደሩ ወደ አንድ መምጣት ሲጀምር የሠራተኛው ቁጥር ይቀነሳል በመባሉ ተቃውሞ ተነሣ። ማዕከላዊነት በወረቀት ላይ ቁጠባ ሲባል፥ በሰው ኑሮ ላይ ደግሞ ከሥራ መውጣት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ስለ ኦክስፎርድ በጥቂቱ ብቻ እንናገር። በ1602 የተከፈተው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አያውስም፤ በ1645 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ራሳቸው መጽሐፍ እንዲዋሳቸው ቢያስጠይቁ ሹሙ ሕጉን ጠቅሶ እምቢ አላቸው። (ዛሬ ዲኑን እምቢ የሚል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቢገኝ እንዴት ደስ ባለን!) ተማሪው መጽሐፍ የሚዋሰው ይበልጡን ከሚኖርበት ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ ግን በሩን የሚከፍተው በአብዛኛው ለገዛ አባሎቹ ነው። ስለዚህ ባለጠጋ ኮሌጅ የገባው ተማሪ በሞላ መደርደሪያ ያጠናል፥ ድኻ ኮሌጅ የገባው ከዚያ ባነሰው ይብቃቃል። ከ2000 ጀምሮ የዩኒቨርስቲው የፋኩልቲ ቤተ መጻሕፍት በአንድ አስተዳደር ሥር ሲሰበሰቡ የኮሌጆቹ ከዚያ ውጭ ቀርተዋል።

አሁን ነገሩን ጠጋ ብለን ብንመረምረው «አንድ ወይስ ብዙ» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሌሎች ጥያቄዎችን የደበቀ ሆኖ እናገኘዋለን። መጽሐፉ በየት ይቀመጥ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ማን መርጦ ይግዛው የሚለው ሌላ ነው። በማን ካታሎግ ይመዝገብ፥ ማን ገብቶ ያንብበው የሚሉት ደግሞ ከሁለቱም የተለዩ ናቸው። ሰዎች ሲከራከሩ እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትተው ስለሚነጋገሩ አይግባቡም። ፕሮፌሰሩ «መጻሕፍቴን አትውሰዱብኝ» ሲል የሚያስበው ስለ ቦታው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሹም «ወደ አንድ ይምጡ» ሲል የሚያስበው ስለ ካታሎጉና ስለ ግዢው ነው። ስለ መግቢያው የሚያስብ ተማሪው ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ በኮሚቴው ውስጥ የሚጠራው የለም።

ጀርመኖች ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበትም ይህን መለያየት ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በብዙዎቹ የቆዩ ዩኒቨርስቲዎች የኢንስቲቱት መጻሕፍት ከቦታቸው ሳይነቀሉ፥ ሠራተኛውና ካታሎጉ ቀስ በቀስ በአንድ ዲሬክተር ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። ቤቱ ብዙ፥ ሥራው አንድ። ሕንፃ ሳይሠራ፥ መጽሐፍ በጋሪ ሳይጫን ከሁለቱ መንገዶች የሚበልጠው ጥቅም ተገኘ ማለት ነው።

የእኛው ቤት ታሪክስ? በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በሚባሉ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሹም የሚመራ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመረቅ ግን በአንድ ስም ሥር የተሰበሰቡት ኮሌጆች አስቀድመው በየቦታቸው የተቋቋሙ ነበሩ። የኢንጂነሪንግና የሕንፃ ኮሌጆች በአዲስ አበባ፥ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር፥ የእርሻ ኮሌጅ በዓለማያ። ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዓለማያ የሚማረውን የእርሻ ተማሪ «መጽሐፍህ ስድስት ኪሎ ነው» ማለት አይቻልም። እኛ አገር መከፋፈሉ በፕሮፌሰሮች ኩራት የመጣ ሳይሆን የመልክዐ ምድር ግዴታ ነበረ። ዓለማያም በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርስቲ ሲሆን መጻሕፍቱን እንደ ሉቫን በጎደሎና በሙሉ ቁጥር ማካፈል አላስፈለገም፤ ከመጀመሪያው በቦታቸው ነበሩና።

በስድስት ኪሎ ግቢ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የተሠራውና በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የተሰየመው ሕንፃ ዋናውን ቤተ መጻሕፍት ሲይዝ፥ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ ስለ አገራችን የተጻፉ መጻሕፍትንና የብራና ጽሑፎችን ለብቻ ሰብስቧል። የዚህ ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ፤ ሆይናትስኪም መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ደክመዋል። ብራናን ከመማሪያ መጻሕፍት ጋር በአንድ መደርደሪያ ማኖር አይገባምና እንዲህ ያለው መለየት ተገቢ ነው። ሃርቫርድ ሆተንን የሠራው ስለዚሁ ነው።

ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሳይንሱ በአራት ኪሎ፥ ቴክኖሎጂው በአምስት ኪሎ፥ ሕክምናው በጥቁር አንበሳ፥ የእንስሳት ሕክምናው በቢሾፍቱ ይገኛል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ጣራ ሥር እናድርግ ብሎ መከራከር ከንቱ ነው። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ድረስ ዳገቱን የወጣ ሰው የቦታውን ጥያቄ በእግሩ ያውቀዋል። የቀረን ጥያቄ ስለ ካታሎጉና ስለ መግቢያው ነው። ተማሪው ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት መጽሐፉ በዚያ እንዳለ፥ ሲደርስም ገብቶ ሊያነብ እንደሚችል ማወቅ አለበት። ቀደም ብለን የመንገዱን ድካም የሚሸከመው ተማሪው ነው ያልነው ለዚህ ነው። መንገዱን ማስቀረት ባይቻል በከንቱ እንዳይሄደው ማድረግ ይቻላል።

ክፍሎቹ የሚፈሩትንም መስማት ተገቢ ነው። በሩ ለሁሉ ከተከፈተ መጽሐፍ ይጠፋል ይላሉ። አልተሳሳቱም፤ የተቀደደ ገጽና ያልተመለሰ መጽሐፍ በየቤተ መጻሕፍቱ ያለ ነገር ነው፤ ቀዳዱም ብዙ ጊዜ የእኛው ወንድም ነው። ነገር ግን ማዋስና ማስነበብ የተለያዩ መሆናቸውን መዘንጋት የለብንም። መጽሐፉ ከክፍሉ አይውጣ፤ ሰው ግን ይግባ። የኢንስቲቱቶቹ መጻሕፍት በጀርመን ሳይዋሱ መኖራቸውን አይተናል። አለመዋሳቸው ብዙ አልጐዳም፤ የጐዳው የውጭው ተማሪ አለመግባቱና መጻሕፍቱ በካታሎግ አለመመዝገባቸው ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ መጽሔቱም መጽሐፉም በኮምፒዩተር በሚነበብበት ዘመን ይህ ሁሉ ክርክር አርጅቷል ይሉናል። በከፊል ልክ ናቸው። አንድ የጋራ ካታሎግ ማዘጋጀት በካርድ ዘመን እያንዳንዱን ካርድ በእጅ እየገለበጡ የብዙ ዓመት ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአራት ኪሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ በዚያችው ደቂቃ ከጥቁር አንበሳ ማየት ይቻላል። የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች ግዢም በባሕርዩ ማዕከላዊ ነው፤ ሻጩ ውል የሚዋዋለው ከተቋሙ ጋር እንጂ ከየክፍሉ ጋር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2002 ሂናሪ በሚል ስም የሕክምና መጽሔቶችን ለድኻ አገሮች በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ማቅረብ ሲጀምርም የሚመዘገበው ተቋሙ ነበር። ሆኖም የምሥጢር ቃል ቁልፍ ነው። የምሥጢር ቃሉን የሚያውቀው መምህሩና ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ ከሆኑ፥ ከቁም ሣጥኑ ቁልፍ በምንም አይለይም። ቁም ሣጥኑ እንኳ በመስተዋቱ በኩል የመጽሐፉ ጀርባ ይታያል!

ታዲያ የተማሪዎች ማኅበር ምን ይጠይቅ? አዲስ ሕንፃ መጠየቅ ለጭብጨባ ይመቻል፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ከስንት ዘመን በኋላ ነው። እኛ የምንለው አስቀድሞ አንድ ደንብ ይጠየቅ ነው። በዩኒቨርስቲው ገንዘብ የተገዛ ወይም ለዩኒቨርስቲው የተሰጠ መጽሐፍ ሁሉ፥ በየትኛውም ክፍል ቢቀመጥ፥ በዋናው ካታሎግ ሳይመዘገብ መደርደሪያ ላይ አይውጣ። መታወቂያ ያለው ማንኛውም ተማሪ የትኛውም ፋኩልቲ ይሁን በንባብ ክፍሉ ውስጥ ማንበብ ይፈቀድለት። የክፍሎቹ የመክፈቻ ሰዓት በአንድ ሠሌዳ ታትሞ በየበሩ ይለጠፍ። በፈተና ሰሞን ሁሉንም ማታ ማታ መክፈት ካልተቻለ፥ በየግቢው አንዱ ብቻ ተመርጦ እስከ እኩለ ሌሊት ይቈይ፤ በብዛት የሚፈለጉትም መጻሕፍት ለእነዚያ ሳምንታት ወደዚያው ይዛወሩ።

ከዚህም አስቀድሞ በየቁም ሣጥኑ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ያለ ሁለት ቁም ሣጥን መጽሐፍ ርእሱን፥ ደራሲውንና የታተመበትን ዓመት እየጻፉ ለመዘርዘር ለሁለት ተማሪ የሦስት ወይም የአራት ቀን ሥራ ነው። ዝርዝሩ ለዋናው ቤተ መጻሕፍት ሲሰጥ የካታሎጉ ሠራተኞች ቁጥሩን ይጨምሩበታል። ለዚህ ሥራ በጀት መጠበቅ አያሻም፤ የክፍሉ ኃላፊ ቁልፉን ለሳምንት እንዲሰጥ የሚያዝ አንድ ደብዳቤና በክረምቱ ዕረፍት በከተማው የሚቈዩ ጥቂት ፈቃደኞች ይበቃሉ። ደብዳቤው ከሰኔ ፈተና በፊት ቢጠየቅ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉም ባለ ቁልፉም አይገኙም።